ዳዊቱን የበላው ማን ነው?

መሪጌታው ዳዊቱን ከማኅደሩ አውጥተው ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ በሁለት እጃቸው አኖሩት። የድጉሱ ቆዳ በጀርባው በኩል ተላልጦ የእንጨቱ ገበታ ወጥቷል። በገበታው ጠርዝ ላይ አምስት ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ መጠናቸው ተቀራራቢ ነው፣ የእርሳስ ጫፍ ያስገባሉ። ከመጨረሻዎቹ ቅጠሎች የሦስቱ ኅዳግ ተግጦ ጽሑፉ ጋ ለመድረስ ሁለት ጣት ያህል ቀርቶታል።

«ምስጥ ነው» አሉ መሪጌታው። «ከክረምት ወዲህ ነው የባሰበት። ልጆቹ ፍሊት ነፍተውበት ነበር፤ ምንም አልፈየደም።»

መጽሐፉን የምትመረምረው ባለሙያ ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ናት። መጽሐፉን ለመግለጥ አልቸኮለችም። መጀመሪያ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አንሸራትታ አስገባች፤ ከዚያ ገበታውን በጣቷ ጫፍ ቀስ አድርጋ መታ መታ አደረገችው። ወረቀቱ ላይ የረገፈ ዱቄት የለም። ቀዳዳዎቹን በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ካየች በኋላ በወረንጦ ከቆዳው እጥፋት ሥር አንድ ነገር ሳበች፤ ቡናማ፣ ደረቅ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ዙሪያውን ጠጉር የበቀለበት ቅርፊት ነው።

«መሪጌታ፣ ምስጥ እንዲህ ያለ ጠጉር የለውም» አለች። «ይኼ አንድ እጭ ሲያድግ ጥሎት የሄደው ልብሱ ነው። ቆዳ የሚበላ እንጂ እንጨት የሚበላ አይመስለኝም።»

«ታዲያ እንጨቱን ማን በሳው፣ ልጄ?»

ወዲያው አልመለሰችላቸውም። ቅርፊቱን ክዳን ባላት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ከትታ በላይዋ ላይ ቀኑንና የተገኘበትን ቦታ ጻፈች።

ደብሩ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው። ስሙን የማልጽፈው፣ የብራና መጻሕፍት እየተሰረቁ ድንበር በሚሻገሩበት ዘመን ያልተቆለፈ ዕቃ ቤት በአደባባይ ማመላከት ስለማይገባ ነው። ይሁንና የመሪጌታው ጥያቄ የዚያ ደብር ብቻ አይደለም። መጽሐፍ፣ ልብሰ ተክህኖ፣ ሥዕል ወይም የመንግሥት መዝገብ በአደራ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ቀዳዳ ያያል። ያን ቀን መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የዕቃውን ዕድሜ ይወስነዋል። አብዛኞቻችን እጃችን የሚሄደው ወደ መድኃኒቱ ነው። በላተኛው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ የተነፋ መድኃኒት ግን ተባዩን ሊስተው፣ መጽሐፉን ሊጎዳው፣ አንባቢውን ሊመርዘው ይችላል።

የብራና መጽሐፍ በነፍሳት ዓይን ሲታይ ብዙ ዓይነት ምግብ የቀረበበት ማዕድ ነው። ቅጠሎቹ ተፍቀውና ተወጥረው የደረቁ የፍየል ወይም የበግ ቆዳዎች ናቸው፤ አልለፉም። ድጉሱ ግን የለፋ ቆዳ ነው። ገበታው ዋንዛ፣ ወይራ ወይም ጥድ ይሆናል። በገበታው ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጌጥ የሚለጠፈው ቁራጭ ጨርቅ አንዳንዴ ጥጥ፣ አንዳንዴ ሐር ነው። በላዩ ደግሞ የዘመናት የእጅ ወዝ፣ የጧፍ ሰምና የዕጣን ጥላሸት አለ። እነዚህን ሁሉ የሚበላ አንድ ነፍሳት የለም። ቆዳ በሉ እንጨት አያረካውም፤ እንጨት በሉ ብራናውን የሚበሳው መውጫ ሲፈልግ ነው፤ ስታርች የሚወደው ሁለቱንም ትቶ ሙጫውን ይፈልጋል። ስለዚህ በላተኛውን መለየት የሚጀመረው ነፍሳቱን ከማየት በፊት፣ ከተበላው ነገር ነው። ምን ተበላ? ምንስ ሳይነካ ቀረ?

ምስጥ ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ሌላ ነበር። ምስጥ ከመሬት ተነሥቶ፣ አፈር በምራቁ አቡክቶ በሠራው ጠባብ መሿለኪያ ግድግዳ እየታከከ ይወጣል፤ ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይስማማው ከዚያ መሿለኪያ እምብዛም አይወጣም። እንጨት ሲያገኝ ውስጡን ቦርቡሮ የላዩን ስስ ገጽ ይተወዋል። በሩ ወይም ሣጥኑ ከውጭ ሲታይ ደኅና ነው፤ በእጅ ሲጫኑት ይደረመሳል። ንጹሕ ክብ ቀዳዳ አይተውም። በዝናብ መጀመሪያ ላይ ክንፍ ያላቸው ምስጦች ሲበሩ ሰው ከጉንዳን ጋር ያምታታቸዋል፤ ልዩነቱ ወገባቸው ላይ ነው። ክንፋሙ ጉንዳን ወገቡ ቀጭን ሲሆን የፊት ክንፎቹ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ፤ ምስጡ ወገብ የለውም፣ አራቱም ክንፎቹ እኩል ናቸው። በማግስቱ ጧት መስኮት ሥር የተከመረ እኩል ክንፍ ያገኘ የዕቃ ቤት ጠባቂ የወለሉንና የግድግዳውን መጋጠሚያ ወዲያውኑ መመርመር አለበት። አባቶች መጽሐፍን በማኅደር ከትተው ከኩላብ ላይ መስቀላቸው መጽሐፉን ከዚህ ጠላት ያራቀ ዘዴ ነው። ከወለልም፣ ከእርጥብ ግድግዳም፣ ከአይጥም ያርቃል። ዛሬ በብዙ ቦታ መጻሕፍቱ ከኩላቡ ወርደው ግድግዳ በተጠጋ የብረት ወይም የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተደራርበዋል። ከሌባ ለመጠበቅ የተደረገ ስለሆነ ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሣጥኑ ግን ቢያንስ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ክንድ ያህል ርቆ መቀመጥ ይኖርበታል።

ንጹሕ ክብ ቀዳዳ የሚተዉት ጥንዚዛዎች ናቸው። ብዙ ሰው የማይገነዘበው ነገር፣ ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ መውጫ እንጂ መግቢያ አለመሆኑን ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በእንጨቱ ስንጥቅ ትጥላለች፤ እጩ ውስጥ ለውስጥ እየበላ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይኖራል፤ ጎልምሶ ክንፍ ሲያወጣ ገጹን በስቶ ይወጣል። እኛ ቀዳዳውን ስናይ አንደኛው ትውልድ በልቶ ሄዷል። በውስጥ የቀረ መኖር አለመኖሩን የሚነግረን ዱቄቱ ነው። አዲስ ዱቄት ነጣ ያለ ነው፤ እንጨቱ ሲመታ ይረግፋል፤ ከጠረጉት በኋላ በሳምንቱ እንደገና ከተገኘ ሥራው አልቆመም። የቀዳዳው አፍ በአቧራ ጠቁሮ ምንም ካልረገፈ ምናልባት የምናየው የአያቶቻችንን ዘመን ጉዳት ነው። ጥቁሩ ወረቀት የተነጠፈው ለዚህ ነበር።

ዱቄቱ ራሱ ይናገራል። ሊክተስ የሚባሉት ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነ ቀዳዳ ትተው በጣት ሲፈትጉት ለስላሳ የሆነ ብናኝ ያፈሳሉ፤ የሚበሉትም ስታርች ያለበትን የእንጨቱን ነጭ ክፍል ነው። ጥቁሩንና ጠንካራውን የውስጥ ክፍል አይፈልጉትም። ገበታ የሚጠርብ ሰው ነጩን ክፍል አውጥቶ ሲጥል ለመጽሐፉ መቶ ዓመት እየጨመረለት ነው። አኖቢየም የተባለው የአውሮፓ የቤት ዕቃ ጥንዚዛ ደግሞ ሲነካ የሚሻክር፣ ቅንጣት ቅንጣት ያለው ዱቄት ይተዋል።

ከቀዳዳ ስፋት ምን ያህል ዕውቀት ሊገኝ እንደሚችል በጉልህ ያሳየው ብሌር ሄጅስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተመው ጥናት ነው። ሄጅስ ከ15ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በአውሮፓ ከእንጨት ቅርጽ የታተሙ ሥዕሎችን ሰብስቦ ከ3 ሺህ በላይ ቀዳዳዎች ለካ። የቅርጹ እንጨት በጥንዚዛ ሲበሳ ቀለሙ ቀዳዳው ላይ ስለማይነካ በኅትመቱ ላይ ነጭ ነጥብ ይቀራል። በሰሜን አውሮፓ የታተሙት ነጥቦች በአማካይ 1.4 ሚሊሜትር፣ በደቡብ የታተሙት 2.3 ሚሊሜትር ሆኑ። ሁለት የተለያዩ ጥንዚዛዎች አህጉሩን ለዘመናት ተካፍለውት እንደኖሩ፣ ድንበራቸውም የት እንደነበር፣ ማንም ነፍሳት ሳይሰበስብ ከወረቀት ላይ ተነበበ። ይህን ጥናት ባሰብኩ ቁጥር የእኛን ገበታዎች አስባለሁ። በጣና ደሴቶች፣ በላስታ፣ በትግራይና በሸዋ ያሉ የመጽሐፍ ገበታዎች ቀዳዳ ቢለካ ስለ ደኖቻችንና ስለ ነፍሳቶቻችን ብዙ ይነግረን ነበር። አንድ መጽሐፍ የት ተጠርዞ የት እንደኖረም ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል።

የዳዊቱ ቀዳዳ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይሰፋል። ሊክተስ አይደለም። ዱቄት አልነበረውም፣ ቁጥሩም አምስት ብቻ ነው፤ እንጨቱ ውስጥ የሚራባ ጥንዚዛ ቢሆን ገበታው ወንፊት ይሆን ነበር። የቀረው ፍንጭ ያ ጠጉራም ቅርፊት ነው።

ጠጉራም እጭ ያላቸው፣ ሳይንስ ዴርመስቲዴ ብሎ የሚጠራቸው ጥንዚዛዎች በዓለም ላይ ያሉ ሙዚየሞች ሁሉ የሚፈሯቸው ናቸው። እዚህ ቆዳ በሎች እንበላቸው። ተፈጥሮ የሰጠቻቸው ሥራ የሞተ እንስሳ ከበሰበሰና ከደረቀ በኋላ የሚተርፈውን ቆዳ፣ ጅማት፣ ጠጉርና ላባ ማጽዳት ነው። እነሱ ባይኖሩ ሜዳው በደረቀ ሬሳ ይሞላ ነበር። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሞች ራሳቸው በተለየ ዝግ ክፍል እያረቧቸው የእንስሳት አጥንት ያስጠርጉባቸዋል። ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠ ወፍ፣ የሱፍ ካባ ወይም ብራና ግን ለእነሱ ከሜዳው የደረቀ ሬሳ አይለይም። ከእነዚህ አንዷን የተፈጥሮ ተመራማሪው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1761 ሲሰይማት ሙዚየምን የሚጠቅስ ስም ሰጣት፤ ዛሬ አንትሬነስ ሙዚዮረም ትባላለች። ከሁለት ክፍለ ዘመን ተኩል በፊትም የስብስብ ጠባቂዎች በሚገባ ያውቋት ነበር ማለት ነው።

አንትሬነሶች ክብና ጥቃቅን ናቸው፤ ርዝመታቸው ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ነው፤ ጀርባቸው በነጭ፣ በቡናማና በቢጫ ቅርፊቶች የተዥጎረጎረ ነው። የጎለመሱት አበባ ላይ የሚውሉ፣ የአበባ ዱቄት የሚበሉ በመሆናቸው ማንም አይጠረጥራቸውም። የሚያጠፋው እጩ ነው። ጎልምሰው ሲወጡ ብርሃን ፍለጋ ወደ መስኮት ይበራሉ፤ መስኮቱ ዝግ ከሆነ እዚያው ሞተው ይቀራሉ። ስለዚህ ልምድ ያለው ባለሙያ አዲስ ክፍል ሲገባ መደርደሪያውን ከማየቱ በፊት የመስኮቱን ደፍ ያያል። ሌሎቹ አታጄነሶች ናቸው፤ እጫቸው ከራሱ ወፍሮ ወደ ጭራው የሚቀጥን፣ ወርቃማ ቡናማ፣ ጭራው ላይ የጠጉር ጉንጉን ያለው ነው። ሦስተኞቹና ትልልቆቹ ዴርመስቴሶች ናቸው። ጥንዚዛው ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ይሆናል፤ እጩ ከዚያም ይረዝማል፤ ጥቁርና ጠጉራም ነው፣ ከጭራው ላይ ሁለት ቀንድ መሰል እሾኾች አሉት።

ባለሙያዋ ቅርፊቱን በአጉሊ መነጽር ስታየው የፈለገችው እነዚያን ሁለት እሾኾች ነበር። አገኘቻቸው።

ለመሪጌታው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። የዴርመስቴስ እጭ በልቶ ከጠገበ በኋላ ወደ ጥንዚዛነት ለመለወጥ ሳይንቀሳቀስ የሚቆይበት ጊዜ አለው፤ በዚያ ጊዜ ራሱን መከላከል ስለማይችል የገዛ ወገኖቹ ሊበሉት ይችላሉ። ስለዚህ ከምግቡ ርቆ ጠንካራ ነገር ቦርቡሮ ይሸሸጋል። እንጨት ካገኘ እንጨት፣ ቡሽ ካገኘ ቡሽ ይበሳል። የዶሮ እርባታ ቤቶችን ምሰሶና ጣሪያ የሚያዳክመው በዚህ ልማዱ ነው። የዳዊቱን ገበታ የበሳው ሊበላው አይደለም፤ ሊተኛበት ነው። ምግቡ ብራናው ነበር።

«መሪጌታ፣ ዕቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ርግብ ይገባል?»

«ርግቡም፣ የሌሊት ወፉም፤ ማን ይከለክለዋል?»

መሰላል መጣ። አንድ ዲያቆን ወጥቶ ከኮርኒሱ በላይ በባትሪ ሲያበራ ሞተው የደረቁ ርግቦች፣ የላባ ክምርና የተሸራረፈ ቆዳ አየ፤ በመካከሉ እንደዚያ ያሉ ቡናማ ቅርፊቶች ተቆጥረው አያልቁም። ከኮርኒሱ ስንጥቅ ሥር፣ ዳዊቱ በተቀመጠበት ሣጥን ላይ፣ ቆዳው የተቀደደ አሮጌ ከበሮ ነበር። የከበሮው ቆዳ ዳርና ዳሩ ተግጧል።

የምርመራው ፍሬ ይህ ነው። ምስጥ ነው ተብሎ ቢቀር ሰዎቹ ወለሉን ይቆፍሩ፣ ግድግዳውን መድኃኒት ያጠጡ ነበር፤ ጣሪያው ላይ ያለው መንጋ ግን እዚያው ይቀመጥ ነበር። ስሙ ሲታወቅ መፍትሔው ርካሽ ሆነ። የሞቱት ርግቦች ተጠርገው ይወጣሉ፤ ርግቦቹ የሚገቡበት ቀዳዳ በሽቦ ወንፊት ይዘጋል፤ የተበላው ከበሮ ከመጻሕፍቱ ይለያል። ዳዊቱ በለስላሳ ብሩሽ ከተጠረገ በኋላ ነጭ ወረቀት ተነጥፎለት ግልጽ ላስቲክ ውስጥ ታሸገ። ወሩ ኅዳር፣ አየሩም ደረቅ ስለነበር ለሻጋታ አያሰጋም። መሪጌታው በየሳምንቱ ወረቀቱን እንዲያዩት ተነገራቸው። አዲስ ቅርፊት ወይም ብናኝ ከታየ ሕይወት አለ ማለት ነው፤ ያኔ ሌላ እርምጃ ይመጣል። ፍሊቱ ግን ድጉሱ ላይ የማይለቅ ቅባታማ ምልክት ትቷል።

መርዝን የሚመርጡት የገጠር ዕቃ ቤቶች ብቻ ናቸው ብሎ የሚያስብ ካለ የታላላቆቹን ሙዚየሞች ታሪክ ይመልከት። ኦክስፎርድ ውስጥ የነበረው የዶዶ ወፍ አካል እ.ኤ.አ. በ1755 ተበላሽቷል ተብሎ ከማሳያው ሲወርድ የተረፈው ራሱና እግሩ ነው። የዚያ ዘመን ስብስቦች በነፍሳት እየተበሉ ያልቁ ስለነበር ጠባቂዎቹ አርሴኒክና የሜርኩሪ ጨው ያዙ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዲዲቲ ተጨመረ። ስብስቦቹ ተረፉ። መርዙም አብሯቸው ተረፈ። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ የድሮ ስብስብ የሚነካ ባለሙያ ጓንት የሚያጠልቀው ለቅርሱ ብቻ ብሎ አይደለም፤ የቀደሙት የቀቡት አርሴኒክ እስካሁን ላባውና ቆዳው ላይ ስላለ ነው። በእኛም ቤት ልብስ ውስጥ የሚጣለው ናፍታሊን እንዲሁ ነው። ሽታው ነፍሳቱን ቢያርቅም በደንብ ባልታሸገ ቦታ አይገድልም፤ የሚተነፍሰውን ሰው ግን ይጎዳል። ቄሱና ዲያቆኑ መጽሐፉን በየዕለቱ ይሳለሙታል። በመጽሐፍ ላይ መርዝ መንፋት በከንፈራቸው ላይ መንፋት ነው።

ከመርዝ ውጭ መንገድ መኖሩን ዓለም በስፋት የተማረው ከዬል ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በዚያ ዩኒቨርሲቲ የባይነኪ ብርቅዬ መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጋስትራለስ የተባለ መጽሐፍ የሚበሳ ጥንዚዛ ተገኘ። ቤተ መጻሕፍቱ በጋዝ ከማጠን በፊት የዩኒቨርሲቲውን የነፍሳት ተመራማሪ ቻርልስ ሬሚንግተንን ጠየቀ። እሳቸውም መጻሕፍቱ ይቀዝቅዙ አሉ። ከ30 ሺህ በላይ መጻሕፍት በላስቲክ ታሽገው ከዜሮ በታች ወደ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ቅዝቃዜ ለሦስት ቀናት ቆዩ። እንቁላሉ፣ እጩና ጥንዚዛው ሁሉ አለቀ። ዛሬ ብዙ ቤተ መጻሕፍት አዲስ የሚገባ ስብስብን ከነባሩ ጋር ከመቀላቀላቸው በፊት ያቀዘቅዙታል።

ተራ የቤት ማቀዝቀዣም ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ዲግሪ ከደረሰ ለሁለት ሳምንት በማቆየት ተመሳሳይ ውጤት ያመጣል፤ ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ግን ጥንቃቄዎች አሉት። ዕቃው በደንብ መታሸግ አለበት፤ አለዚያ ሲወጣ ላብ ያልበዋል። ከወጣም በኋላ ሙሉ ቀን ሳይከፈት ይቆያል። ቅዝቃዜው በፍጥነት መውረድ አለበት፤ ቀስ እያለ ከወረደ፣ ወይም መብራት እየጠፋ እየመጣ ከሞቀ፣ አንዳንድ ነፍሳት ቅዝቃዜውን ለምደው ይተርፋሉ። ቀለሙ የተሰነጣጠቀ ሥዕል ያለበት ብራና ግን በዚህ መንገድ ባይሞከር ይሻላል፤ ለእንዲህ ያለው ባለሙያዎች ኦክስጅን የወጣለት እሽግ ይመርጣሉ። ኦክስጅኑ ከ1 በመቶ እጅግ በታች ወርዶ ለሳምንታት ሲቆይ ነፍሳቱ ይሞታሉ፤ ቀለሙም ቆዳውም አይነካም።

ከብራናው ወደ ወረቀቱ ስንመጣ በላተኞቹ ይለወጣሉ። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ያለው የዘመናት ፋይል፣ ደብዳቤ፣ የፍርድ ሰነድና የርስት መዝገብ ቆዳ የለውም፤ ስታርችና ሙጫ ግን ሞልቶታል። እርጥበት ባለበት ክፍል ሌፒስማ ትገባለች፤ ክንፍ የሌላት፣ ብርማ ቅርፊት የለበሰች፣ ከኋላዋ ሦስት ረጃጅም ጭራዎች ያሏት፣ መብራት ሲበራ ሮጣ የምትሰወረዋ ናት። ሳይንቲስቱ ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው «ማይክሮግራፊያ» ውስጥ በማይክሮስኮፕ አይቶ ሥዕሏን ያሰፈራት እሷን ነው። ወረቀት እንደ ጥንዚዛ አትበሳም፤ ገጹን ትፍቃለች፤ ወረቀቱ እየሳሳ ሄዶ ወደ ብርሃን ሲያዩት ዓይን ያሳልፋል። ከእሷ የምታንሰው፣ ወደ 1 ሚሊሜትር ብቻ የምትረዝመው ሊፖሴሊስ ደግሞ ዋና ምግቧ ወረቀቱ ላይ የበቀለ ሻጋታ ነው። እሷን ያየ ሰው መድኃኒት ከመፈለግ ይልቅ ጣሪያው ያፈስስ እንደሆነ ይመርምር። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ከወረደ ሻጋታው ይቆማል፤ እሷም አብራው ትጠፋለች።

በመዝገብ ቤቶቻችን በተለይ የሚያሳስቡኝ ግን ሁለት ቀይ ቡናማ ጥንዚዛዎች ናቸው፤ ላሲዮደርማ እና ስቴጎቢየም። ሁለቱም ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ይረዝማሉ፤ ጎባጣ ናቸው፤ በዓይን ብቻ ሲታዩ አይለያዩም። በአጉሊ መነጽር ግን የላሲዮደርማ ክንፍ ሽፋን ለስላሳ ነው፣ አንቴናዋም እንደ መጋዝ ጥርስ ናት፤ የስቴጎቢየም ሽፋን በቁመት የተሰመሩ ቦዮች አሉት፣ አንቴናው መጨረሻ ላይ ሦስት ሰፋፊ አንጓዎች ይታያሉ። ከፋይል ወደ ፋይል፣ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ቀጥ ብለው ይበሳሉ። የሚበሉት ግን ወረቀት ብቻ አይደለም፤ በርበሬ፣ ድንብላል፣ ትምባሆ፣ የደረቀ ዕፅዋት፣ ደረቅ እንጀራ ሁሉ ምግባቸው ነው። ከጥንት ጀምሮ ከሰው ጓዳ ተለይተው አያውቁም፤ እ.ኤ.አ. በ1922 በተገኘው የግብፁ ንጉሥ የቱታንኻሙን መቃብር ውስጥ የነፍሳት ተመራማሪዎች ሁለቱንም ለይተዋቸዋል። መዝገብ ቤት ውስጥ ምሳ መብላት፣ ቆሎና በርበሬ በመሳቢያ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ የመዝገብ ሠራተኞቻችን ሌላ ማረፊያ ክፍል ስለሌላቸው ነው። ወቀሳው እነሱ ላይ መውደቅ የለበትም። ለሠራተኛ የምሳ ክፍል መስጠት ለመዝገቡ ከሚገዛው መድኃኒት ሁሉ ይበልጣል።

ነፍሳት ተጓዦችም ናቸው፤ ጉዞውም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። አታጄነስ ስሚርኖቪ የተባለችው ቆዳ በል መነሻዋ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኬንያ ነው። ሳይንስ ያወቃትና የሰየማት ግን እ.ኤ.አ. በ1973 ከሞስኮ ሕንፃዎች በተገኙ ናሙናዎች ነው፤ ዛሬ የሰሜን አውሮፓ ሙዚየሞች ታላቅ ጭንቀት ሆናለች። አዲስ አበባ የሚገባ የተለገሰ መጽሐፍ፣ በስጦታ የመጣ የሱፍ ሥጋጃ፣ ከውጭ የተመለሰ ቅርስ ሁሉ እንግዳ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ዕቃው ወደ ዋናው ክፍል ከመግባቱ በፊት ለብቻው ተቀምጦ መታየት አለበት። የሱፍ ሥጋጃ በተለይ ለልብስ ብል ምቹ ነው። የብሉ እጭ የሐር ቱቦ እየፈተለ ሱፉን ይበላል፤ ንጹሕ ጥጥ አይነካም፣ ላብ የጠጣውን ጥጥ ግን ይበላል። ካባና ላንቃ ሳይጸዳ ሣጥን ውስጥ መግባቱ የሚጎዳውም ለዚህ ነው።

በቂ ገንዘብ ያላቸው ሙዚየሞች ክትትላቸው የሚመሠረተው ሙጫ በተቀባ የካርቶን ወጥመድ ነው። ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት ጥግ፣ በር አጠገብ፣ መስኮት ሥር ይቀመጣል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በየተወሰነ ጊዜ የተያዘው ይቆጠራል። በአንዱ ወጥመድ ሦስት አንትሬነስ፣ በቀጣዩ ወቅት እዚያው አሥር ከተገኘ ምንጩ ቅርብ ነው። ወጥመዱ ነፍሳቱን አይጨርስም፤ የሚገኙበትን ይጠቁማል። ዋጋው ከአንድ ጣሳ ፍሊት አይበልጥም።

አስፈላጊው ዕውቀት አገራችን ውስጥ የለም የሚለውን አልቀበልም። የእህል ነቀዝ፣ የምስጥና የበርበሬ ተባይ የሚያጠኑ ሰዎች በግብርና ምርምር ማዕከሎቻችን አሉ፤ አምቦ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በተባይ ላይ ለአሥርታት ሠርቷል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ላይ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለው። ጎተራ ውስጥ ያለችው ላሲዮደርማ መዝገብ ቤት ካለችው ጋር አንድ ናት። በቆዳ መጋዘን ዴርመስቴስን የሚያውቅ ባለሙያ ብራና ላይም ያውቀዋል። የጎደለው እነዚህ ሰዎችና የዕቃ ቤት ጠባቂዎቹ የሚገናኙበት መንገድ ነው፤ ይህን መክፈት የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች፣ የቤተ ክህነትና የዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ነው፤ ብዙ በጀትም አይጠይቅም። ጽሑፉ በማይክሮፊልም ተነሥቷል ብሎ መተኛትም አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የተነሡትና አሜሪካ ሚኔሶታ ውስጥ የሚገኙት ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ የኢትዮጵያ ብራናዎች ፊልም ቃሉን አትርፎልናል፤ ስፌቱን፣ ድጉሱን፣ የገበታውን እንጨትና የቆዳውን ዓይነት ግን ፊልም አይዝም።

ስለዚህ ነፍሳት ያገኘ ሰው በጫማ አይርገጠው፤ በፕላስተርም አያጣብቀው፤ የተጨፈለቀ አንቴና ምንም አይናገርም። በለስላሳ ብሩሽ አንሥቶ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ በአልኮል ይክተተው። ጥንዚዛው ካልተገኘ ጠጉራም ቅርፊቱ፣ ዱቄቱ ወይም ክንፉ ብቻውን ይበቃል፤ እነዚህ ግን በደረቁ ይቀመጡ። ከብልቃጡ ጋር በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ይኑር፤ ቀለም በአልኮል ይለቃል። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ቀኑ፣ ክፍሉ፣ ከምን ላይ እንደተነሣ፣ ምን እንደተበላና ምን እንደተረፈ፣ በአቅራቢያው መስኮት፣ የርግብ ጎጆ፣ የሚያፈስስ ጣሪያ ወይም ምግብ መኖር አለመኖሩ ነው። ከዚያ የተበላው ዕቃ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ይታሸግ፤ ስሙ ተለይቶ መልስ እስኪመጣም ማንም ምንም አይንፋበት።